የጥቅል ጎመኑ ድንጋይ

ከጀርመን ከተመለስኩ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ከቀሐ እስከ አዘዞ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ሕንፃውና ስለ ባቡሩ ነው። ስለ ሕንፃው የምለው ብዙ የለኝም፤ ረጃጅም ናቸው፣ ቆመዋል። እኔ ልናገር የምችለው ስለ በላሁትና ስላልበላሁት ነው። ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ሳስተምር የጀርመንን ወንዞች በቃሌ አስጠንቻለሁ፤ ሕዝቡ ምሳውን ምን እንደሚበላ ግን አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም ነበር። እዚያ አገር ለመሄድ ሐሳቡም አቅሙም ለሌለው ወዳጄ ያየሁትን በየቀኑ ከፋፍዬ ጽፌዋለሁ።

አስቀድሜ ግን ነገሩን ላስረዳ። ታናሽ ወንድሜ መልካሙ ጀርመን ከገባ ዐሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። በአንዲት የገጠር መንደር፣ የአገሩን ባህላዊ ምግብ በምታቀርብ ቤት ውስጥ ምግብ አብሳይ ነው። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት በጠዳ ደብር ሲያገለግሉ የኖሩት ቄስ አባታችን ሲያርፉ አልመጣም። በሠልስቱ ደወለ፤ ስልኩን ያነሣሁት እኔ ነኝ። «ሥራ ይዞኝ ነው አያ ደምሴ» አለኝ። የአባቱ አፈር ሳይደርቅ ሥራ ያዘው! ድንኳን ሙሉ ለቀስተኛ እያየኝ ስልኩን ዘጋሁበት። በአርባው ዕለት ደግሞ ካህናቱና ዘመዱ በተሰበሰበበት «ከእንግዲህ የእርሱን እጅ እህል ብቀምስ የአባቴ አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋኝ» ብዬ ማልሁ። በእኛ አገር የተጣላ ሰው አብሮ ማዕድ አይቆርስም። ሽማግሌ ገብቶ፣ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ለምኖ፣ እርቅ ሳይወርድ ከባለጋራው ቤት የቀመሰ ሰው ሆዱ ቂም አፉ እህል ነው ተብሎ ይናቃል።

ዘንድሮ የእማዬ ጉልበት ደከመ። መልካሙ ቲኬት ሲልክልኝ ወደ ጠዳ አስጠራችኝና አልጋዋ ጠርዝ ላይ አስቀመጠችኝ። «በአንድ ድንኳን ሁለት ትሪ ዘርግታችሁ እንድትቀብሩኝ አልሻም» አለችኝ። «ሂድ፤ ከወንድምህ እጅ በልተህ ና።»

የንስሐ አባቴን አማከርኩ። መሐላው በንስሐ እንደሚፈታ፣ ግን መጀመሪያ መታረቅ እንዳለብን፣ ቂም ይዘው የበሉት እህል ማንንም እንደማያስታርቅ ነገሩኝ። ቲኬቱን መቀበሌስ ብላቸው ሣቁብኝ። እኔ ራሴ ፈረድኩ፤ ቲኬት አይበላም።

ሰኞ። ከጠዳ ስነሣ እማዬ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቋንጣና አንድ ጣሳ ቅቤ ጠቅልላ ቦርሳዬን ሞላችው። ጎረቤቱ ወጥቶ መረቀኝ። አዘዞ ላይ አውሮፕላን ስሳፈር የመስኮቱን ወንበር ሰጡኝ፤ ያስተማርኩትን ካርታ ከላይ ሆኜ ሳየው ብዙም ስላልተሳሳትኩ ደስ አለኝ። ከአዲስ አበባ በኋላ ያቀረቡልን ራት እንደ ልጆች ዕቃ ዕቃ በትንንሽ ሳህን የተከፋፈለ ነበር። ከየትኛው እንደሚጀመር ግራ ቢገባኝ ጎኔ የተቀመጠችውን ሴት እያየሁ በላሁ። እርሷ ስታቆም እኔም አቆምኩ፤ ለካስ ሴትዮዋ ሆዷን አሟት ኖሯል። ግማሹ ምግቤ እንደ ቀረበ ተነሣ።

ማክሰኞ። በርሊን ስንደርስ ኬላው ላይ ቦርሳዬ ተከፈተ። ሥጋና የወተት ተዋፅኦ ማስገባት እንደማይፈቀድ አንድ ትሑት ወጣት በእንግሊዝኛ አስረዳኝ። የቅቤውን ጣሳ ከፈተ፣ አሸተተ፣ ቶሎ ብሎ ከደነ። የእማዬ ቅቤ ቅመሙ ይጣራል። ቋንጣውም አብሮት ሄደ፤ በሶውና ዳቦ ቆሎው ቀሩልኝ። የአንድ ሳምንት ስንቄ ይኸው ሆነ።

በባቡር ወደ ደቡብ ምሥራቅ ተጓዝኩ። አገሩ ሜዳ ነው፤ ከደባርቅ አምጥተው አንድ ጉብታ ቢያቆሙለት እንዴት ባማረበት እያልኩ ስመለከት መውረጃዬ ደረሰ። መልካሙ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ጥቁር ፀጉሩን ሸኝቼው ሽበቱን ተቀበልኩ። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን፤ «ምነው ከሳህ?» አለኝ። ሌላ ነገር አልተነጋገርንም። መንደሯ በቀጫጭን የወንዝ ቦዮች ተከፋፍላለች፤ ሰዉ ከጎረቤቱ ጋር በታንኳ የሚጠያየቅ ነው የሚመስለው። ምግብ ቤቷ ከታች ናት፣ የመልካሙ ክፍል ከላይ። መኝታ እህል ስላልሆነ እዚያው ማደሩን ተቀበልኩ።

የምግብ ቤቷ ባለቤት ወይዘሮ ሂልዳ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ክንዳቸው የጠነከረ መበለት ናቸው። ገና ከመቀመጤ ዳቦና የፍየል አይብ አቀረቡልኝ። እንደ ወጉ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጠግቤያለሁ» አልኩ። እርሳቸው ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ሳህኑን አንሥተው ሄዱ። እኔ «በሞቴ» እስኪሉኝ እየጠበቅሁ ነው። ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም ጠበቅሁ። በዚያ አገር «በሞቴ» የሚባል ነገር የለም፤ ጠግቤያለሁ ካልክ ጠግበሃል ማለት ነው።

በኋላ መልካሙ ራሱ ያዘጋጀውን ትኩስ ሾርባ ይዞ መጣ። ለእርሱም ያንኑ አልኩት። እርሱ «በሞቴ» ማለትን መቼም አልረሳውም፤ ግን አላለኝም። ሾርባውን ይዞ ተመለሰ። እኔም ክፍሉ ገብቼ በሶዬን በቧንቧ ውሃ በጠበጥኩ። በጥቅምት አንድ አጥንት የሚባለው ትዝ ሲለኝ ከታች የሚመጣው የተቀቀለ ሥጋ ሽታ ክፉኛ ፈተነኝ።

ረቡዕ። ጾም ስለሆነ ብርታት አገኘሁ። ብቻዬን ወደ መንደሯ ዳቦ ቤት ወጣሁ። ዳቦው ጥቁር ነው፣ በስንዴ ሳይሆን ጠቆር ባለ ሌላ እህል የተጋገረ፤ አንዱን ሳነሣው ከክብደቱ የተነሣ ሕፃን ያቀፍኩ መሰለኝ። ሻጯ ቁራሽ ዘረጋችልኝ። ከትናንቱ ስለተማርኩ በመጀመሪያው ጥሪ ተቀበልኩ። እርሾው! ልክ የእኛን ቤት እርሾ ያህል ይኮመጥጣል። እዚያው ቆሜ ሌላ ቁራሽ፣ ከዚያም ሌላ ለመንኩ። ሴትዮዋ በደስታ ቀላች፤ ከጓዳ ባሏን ጠርታ እኔን አሳየችው። እርሱም በዱቄት የነጣ እጁን በሽርጡ ጠርጎ ጨበጠኝ።

ገበያው ውስጥ በርሜል ሙሉ በጨው ውሃና በእንስላል የከረመ ዱባ መሰል ትንንሽ ቅል አለ፤ ኪያር ነው አሉኝ። ነክሼው ዓይኔ ተጨፈነ፤ ደገምኩት። የቋሊማ ጠባሹ ጋ ስደርስ ግን ቆም አልኩ። ቋሊማው የአሳማ ነው፣ ቀኑም ረቡዕ ነው፣ ሁለት በር የተዘጋብኝ ሰው ነኝ። ከጎኑ ያለችውን ቢጫ ነገር ግን አወቅኋት፤ ሰናፍጭ ናት። ዳቦዬን ገልጬ ሰናፍጩን ብቻ እንዲቀባልኝ በጣቴ አመለከትኩ። ሰውየው ቋሊማውን ሊጨምር፣ እኔ እጁን ስይዘው፣ እርሱ ደግሞ ሲሞክር ቆየን። በመጨረሻ ገባውና በማንኪያ ሙሉ ለብጦልኝ ስጦታ ነው ብሎ ሸኘኝ። አፍንጫዬ እስኪነድ በላሁ። ያን ቀን ጀርመንን ወደድኳት። ከወንድሜ እጅ ብቻ ሳልበላ።

ሐሙስ። የጥቅል ጎመን ቀን ነበር። ጥቅምት ላይ የክረምቱን ጎመን ያኖራሉ። ከገበሬ የመጣው ጎመን ግቢውን ሞልቶት ስላየሁ ቁጭ ብዬ መመልከት አሳፈረኝና እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ወይዘሮ ሂልዳ በሰፊ መላጊያ ይከትፉታል፣ መልካሙ ጨው ይነሰንሳል፣ እኔ ዘነዘና በሚያክል እንጨት በርሜሉ ውስጥ እወቅጠዋለሁ። ውሃ እስኪያወጣ ድረስ መወቀጥ አለበት። ከዚያ ጣውላ ይጋደምበትና ከላይ ከወንዝ የመጣ ድቡልቡል ድንጋይ ይጫንበታል። ድንጋዩ ካልተጫነው ጎመኑ ወደ ላይ ይነሣል፣ ይበላሻል። ይህን ያስረዳኝ መልካሙ ነው፤ በሦስት ቀን ውስጥ የተናገረኝ ረጅሙ ነገርም ይኸው ነበር። ድንጋዩ ከወይዘሮ ሂልዳ አያት የወረደ መሆኑንም ነገረኝ።

አብረን ስንወቅጥ ልጅነታችን ታወሰኝ። ሳቁን ሰማሁት፤ ያው የድሮው ሳቁ ነው። ወዲያው ግን የስልኩ ነገር መጣብኝና ጎመኑን በዘነዘናው በኃይል መታሁት። ምሳ ሲቀርብ ደግሞ ዳቦ ቤት ሄጃለሁ ብዬ ወጣሁ።

ዓርብ። ወይዘሮ ሂልዳ ጾም መሆኑን ከመልካሙ ሰምተው ኖሮ ድንች ከነልጣጩ በእጃቸው ቀቀሉልኝ። የእርሳቸው እጅ ስለሆነ መሐላዬ አልከለከለኝም። የአገሩ ሰው ነጭ አይብ ይጨምርበታል፤ እርሳቸው ለእኔ አይቡን ትተው ወርቅ የመሰለ ዘይት አፈሰሱበት። ስቀምሰው ተልባ ነው። ተልባ! እኛ ቆልተን ወቅጠን በውሃ የምንበጠብጠውን እነርሱ ዘይቱን ጨምቀው ድንች ላይ ያፈሱታል። የዳባት ድንችና የእማዬ ተልባ በጀርመን አገር ተጋብተው ጠበቁኝ። ስድስት ድንች በላሁ።

ወይዘሮ ሂልዳ ስድስተኛውን ሲያዩ ወደ መልካሙ ዞረው አንድ ነገር ጠየቁት። የድንቹን ልጣጭ መሰብሰብ ጀመረ። ጠረጴዛውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ።

«የእኔን እንዲህ ከበላ የአንተን ምነው አይነካም? ትላለች» አለ መልካሙ፣ ፊቴን ሳያይ።

«ንገራት» አልኩት።

«ምን ብዬ?»

«ለአባቱ ቀብር ሥራ ይዞኛል ያለ ሰው ነው በላት።»

ተረጎመላቸው። አንድም ቃል እንዳላጎደለ ከሴትዮዋ ፊት አወቅሁ። ረጅም ነገር ተናገሩ፤ እጃቸው ወደ ዕቃ ማጠቢያው ይጠቁማል። ምን አለች ብዬ ስጠይቀው «ምንም» አለኝ። እርሳቸው እንደ ሸሸገ ገባቸውና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ደገሙት። በዚህ ጊዜ የድንቹን ልጣጭ እያየ ስለ ራሱ እንደ ሌላ ሰው ይተረጉምልኝ ጀመር።

«ያኔ የመኖሪያ ወረቀት አልነበረውም ትላለች። ከወጣ መመለሻ አልነበረውም። እዚያ ማጠቢያው ላይ ሳህን ያጥብ ነበር ትላለች። አባቱ የሞቱ ጊዜ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም፤ ሳህን እያጠበ ያለቅስ ነበር ትላለች።»

«ታዲያ ሥራ ይዞኝ ነው ያለው ለምንድን ነው?»

ይህን አልተረጎመላቸውም። ራሱ መለሰ። «አባባ ልጄ ትልቅ ሆቴል ያስተዳድራል ብሎ ለደብሩ ሁሉ ነግሮ ነበር። አንተ ስልኩን ይዘህ የቆምከው ድንኳን ውስጥ ነው። ሳህን አጣቢ ነኝ፣ ወረቀትም የለኝ ብዬ በሠልስቱ ላዋርደው?»

«ወረቀቱን ካገኘህ በኋላስ?»

«መሐላህን ሰምቼ የለ። በምን ፊቴ እመጣለሁ?»

እውነቱን ለመናገር አፈርኩ። ዘጠኝ ዓመት የተበደልኩ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ኖሬያለሁ፤ አንድ ጊዜ እንኳ ለምን ብዬ አልጠየቅሁትም። ቂሙ በዚያች ሰዓት ወለቀልኝ። ግን እርቅ ወግ አለው፣ ያለ ሽማግሌ አይሆንም፤ በዚህ የውሃ መንደር ውስጥ ደግሞ ከየት ሽማግሌ ላምጣ? ተነሥቼ በቦዩ ዳር ስመላለስ ዋልኩ። ከመስኮት ሳያቸው ወይዘሮ ሂልዳና መልካሙ ጠረጴዛው ላይ ተፋጠው ብዙ ያወራሉ፤ ሴትዮዋ አንድ ነገር ደጋግመው ከአፉ ሲቀበሉ አየሁ።

ቅዳሜ። ምግብ ቤቷ ገና ቀትር ሳይሆን በሰው ሞላች። ቅዳሜ የቤተሰብ ምሳ ነው፤ አያት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ ውሻ ሳይቀር ይመጣል። እኔ ጥግ ተቀምጬ ኪሴ ውስጥ የቀረችውን ዳቦ ቆሎ እቆጥባለሁ።

የማብሰያ ቤቱ በር ተከፈተ። መልካሙ ነጭ ሽርጡን እንደታጠቀ ወጣ፤ ትከሻው ላይ ያ የጎመኑ ድንጋይ አለ። የጎመኑ ውሃ በአንገቱ እየወረደ ሸሚዙን አርሶታል። ሰው ሹካውን አስቀመጠ። ከኋላው ወይዘሮ ሂልዳ ይከተላሉ፤ ሽርጣቸውን አውልቀው ለቤተ ክርስቲያን የሚለብሱትን ጥቁር ኮት ደርበዋል። መልካሙ እግሬ ሥር ተንበረከከ፣ አንገቱን ደፋ።

ወይዘሮ ሂልዳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ትናንት ሲለማመዱ የዋሉትን በአማርኛ፣ ፊደል በፊደል እየለዩ አወጡት፦ «ይቅር፣ በለው።»

በስልሳ ዓመቴ ብዙ ሽማግሌ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ግርማው የሚያስፈራ ሽማግሌ አላየሁም። እንባዬ መጣ። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኩና ድንጋዩን ከትከሻው አነሣሁ። ቀዝቃዛ ነው፣ ከባድ ነው፣ ይሸታል። መሬት ላይ ላስቀምጠው ጎንበስ ካልኩ በኋላ ሐሳቤን ለወጥኩ። በራሴ አንገት ላይ ጫንኩትና ከፊቱ ተንበረከክሁ።

«ሳልጠይቅህ ማልሁብህ» አልኩት። «ይቅር በለኝ።»

«ተው አያ ደምሴ፣ ታላቅ ድንጋይ አይሸከምም» አለ።

«ካጠፋ ይሸከማል።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር» ብሎ ድንጋዩን ተቀበለኝ። እዚያው ወለል ላይ ተቃቅፈን አለቀስን። ወይዘሮ ሂልዳ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ተራቸውን ሊሸከሙ መስሎኝ እርስዎ ምን አጠፉ ልል ስል ድንጋዩን ከመልካሙ ወሰዱና ጎመኑ እየተነሣ ነው ብለው ወደ በርሜላቸው ሮጡ። ተመጋቢው ምን እንደ ሆነ ሳይገባው አጨበጨበ፤ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው ሁለታችንንም ጨበጡን።

ከዚያ ቀረበ። በዚያ አገር ለሠርግ የሚሠራ ምግብ ነው፤ ቀስ ብሎ የተቀቀለ የበሬ ሥጋ፣ ላዩ ላይ እንደ ሰናፍጭ አፍንጫ ከሚወጋ ነጭ ሥር የተሠራ መረቅ የፈሰሰበት። ከጎኑ ያምና ጥቅል ጎመን፣ ድንች፣ ያ ጥቁር ዳቦ። መልካሙ ሁለት ሳህን ይዞ ነበር የመጣው፤ አንዱን መለስኩት። ከአንዱ ሳህን በእጄ ጠቅልዬ አጎረስኩት። እርሱም አጎረሰኝ፣ ደገመኝ። ሥጋው ምላስ ላይ ይፈርሳል፤ ጎመኑ ስቡን ቆርጦ ይጥላል፤ ነጩ ሥር እንባ ያስመጣል፣ እኔ ደግሞ እንባ ለመደበቅ ሰበብ አገኘሁ። ወንድሜ እንዲህ ያበስላል! አባታችን ሆቴል ያስተዳድራል ሲሉ ዝቅ አድርገውት ኖሯል። ከተመለስኩ በኋላ ስለ መሐላዬ የንስሐ አባቴ ስግደት ሰጥተውኛል፤ ጉልበቴን እያመመኝ እሰግዳለሁ፣ አልቆጭም።

ስልኬ ጮኸ። እማዬ ናት፤ የጎረቤት ልጅ ደውሎላት ነው።

«ድምፅህ ምነው ታፈነ?» አለችኝ። «ታመምህ?»

«አይ እማዬ» አልኩ፣ አፌ ሙሉ እንደሆነ። «እየበላሁ ነው።»

«ከማን እጅ?»

መልስ ከመስጠቴ በፊት መልካሙ ስልኩን ወሰደብኝ። «ከእኔ እጅ እማዬ» አላት። ከዚያ እልልታው ከስልኩ ወጥቶ ምግብ ቤቱን ሞላው፤ ወይዘሮ ሂልዳ ከበርሜሉ ሮጠው መጡ። እማዬ እስክትጨርስ ሁላችንም ቆመን ሰማናት።

«አሁን ጠገበ?» አለችው በመጨረሻ።

«ሁለተኛ ሳህን እየጠየቀ ነው» አላት ወንድሜ።